አንድ ጊታር፣ ሁለት ፔዳል፣ ስድስት ቅኝት

ጥቅምት 9

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ጊታሩ አሮጌ ነው። ሣጥኑ ደህና ነው፣ አንገቱ ግን ጎብጧል። ክሮቹ ከአንገቱ ስለራቁ በጣት ተጭኖ መጫወት አይቻልም። ሦስት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። አሁን ለማስበው ሥራ ግን የሚፈለገው ይኼው ጉድለቱ ነው። ጭን ላይ አጋድመው በብረት የሚጫወቱት ጊታር ክሩ ከፍ ማለት አለበት። ግራ እጅ ለስላሳ ብረት ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ይመታል። አንገቱን የሚነካው የለም።

ሐሳቡ የመጣው ከክራር ነው። ቀን ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ፣ ማታ ክራር እጫወታለሁ። ክራር ላይ አንድ ነገር ሁሌም ያስጨንቀኛል። ዘፋኟ ትዝታ ትጨርስና «አሁን አምባሰል» ትለኛለች። እኔ አቀርቅሬ መቃኘት እጀምራለሁ። ሰው ይጠብቃል። ቀረጻ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማሽኑ ይቆማል፣ የሞቀው ስሜት ይበርዳል፣ ስንመለስ ያ ድምፅ አይገኝም።

ፔዳል ስቲል የሚባለው ጊታር ይህን ችግር የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ክሮቹን በእግር ፔዳልና በጉልበት ዘንግ ይስባቸዋል ወይም ያላላቸዋል። የአሜሪካ ከተማ ናሽቪል ያሉ ተጫዋቾች የለመዱት ቅኝት ኢ ናይን ይባላል፣ 10 ክር አለው። (ኤ፣ ቢ፣ ሲ የድምፆች ስም ናቸው፤ ሻርፕ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ፣ ፍላት ዝቅ ያለ ማለት ነው።) የመጀመሪያው ፔዳል ሲረገጥ አምስተኛውና አሥረኛው ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ይወጣሉ፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ማለት ነው። ሁለተኛው ሲረገጥ ሦስተኛውና ስድስተኛው ክር ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ ይወጣሉ፣ ግማሽ ድምፅ። ሁለቱን አንድ ላይ በአንድ እግር ሲረግጧቸው ከኢ ሜጀር ወደ ኤ ሜጀር ይገባል። እጅ ካለበት ሳይንቀሳቀስ።

ብዙዎቹ ፔዳል ስቲሎች ኤሌክትሪክ ናቸው፣ ድፍን እንጨት ላይ የተሠሩ። እኔ የምፈልገው ግን ሣጥን ያለው፣ አምፕሊፋየር የማይጠይቅ ነው። ከማሲንቆና ከክራር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እኩል የሚሰማ። መብራት ሲጠፋም የማይቆም።

ጥቅምት 13

ዛሬ እንጨትም ብረትም አልነካሁም። ወረቀት ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ዶን አንድ ቦታ አስሬ ሌሎቹን ማንቀሳቀስ ነበር። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ለመግባት ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። ወደ አምባሰል ለመግባት ሬ እና ላ በግማሽ ይወርዳሉ፣ ሚ ደግሞ በግማሽ ይወጣል። ባቲ ማይነር ሬን፣ ሚን እና ላን ሦስቱንም በግማሽ ያወጣል። ባቲ ሜጀር ሚን በግማሽ፣ ሬን እና ላን በሙሉ ድምፅ ያወጣል። አንቺ ሆዬ ሬን እና ሶልን በግማሽ አውርዶ ሚን በግማሽ ያወጣል። ሁሉንም ስደምር አንዱ ክር ሦስት ቦታ መሄድ አለበት። ይህን ሁሉ አንድ አሮጌ ጊታር ላይ መጫን አይቻልም።

ማታ ክራሬን አንስቼ ያለ ሐሳብ መታ መታ አደረግኩ። በትዝታ ማይነር ተቃኝቶ ነበር። ከሶል ጀምሬ ወደ ላይ ሄድኩ። ያ ድምፅ የአምባሰል ሆነ! ክር አልነካሁም። ማረፊያውን ብቻ ነው የቀየርኩት።

ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ትዝታ ማይነር በዲ ላይ ሲሆን ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት ነው። እነዚሁ ድምፆች ከኤ ሲጀመሩ አምባሰል ናቸው። ኤፍ እና ቢ ፍላት በግማሽ ሲወጡ ትዝታ ሜጀር ይሆናል። ያው ትዝታ ሜጀር ከቢ ሲጀመር ባቲ ማይነር ነው። በዕድሜ የበሰሉ የክራር ተጫዋቾች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፣ እኔ ግን በወረቀት እስካየው ድረስ አልገባኝም ነበር። ሁለት ክሮችን በግማሽ ድምፅ የሚያወጣ አንድ ፔዳል አራት ቅኝት ይሰጠኛል ማለት ነው።

ስለዚህ የክሮቹ አቀማመጥ ተወሰነ። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ፦ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ትዝታ ማይነር ነው። ሲረገጥ አምስተኛውና ሁለተኛው ክር ይወጣሉ። ክርን ማውጣት ከማውረድ ይቀላል። እግር ሲነሣ ክሩ በራሱ ውጥረት ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሞላ አይጠይቅም።

ጥቅምት 20

ኮምቦልቻ ወረድኩ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ሲወርዱ ብርዱ ከላይ ይቀራል፣ ጃኬት ይወልቃል። የቶርኖ ሥራ ኮምቦልቻ ነው የማሠራው፤ ልማዴ ነው። በዚያው በኩል የባቲ መንገድ አለ፤ የአምባሰል መንገድ ደግሞ ደሴን አልፎ በሐይቅ በኩል ወደ ላይ ይሄዳል። ሁለት ቅኝቶች፣ ሁለት መንገዶች። በሚኒባስ ስወርድ ስለዚሁ ሳስብ ነበር።

ሁለት ነገር አሠራሁ። አንደኛው ክር ላይ የሚንሸራተተው ብረት ነው። ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ሩብ ኪሎ ገደማ። አንዱ ጫፍ እንደ እንቁላል ክብ ሆኖ ተሳለ። ቶርኖ ላይ ከወጣ በኋላ ባለሙያው በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በጨርቅና በዘይት አሸው። «ወንድም ዓለም፣ ፊትህን እስክታይበት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሽ ጭረት እንኳ ካለችበት ክሩ ላይ ትንጫጫለች።

ሁለተኛው ክሮቹን የሚይዙት ትንንሽ የብረት ጣቶች ናቸው። እያንዳንዱ ጣት በሚስማር ዘንግ ላይ ይወዛወዛል። ከላይ ክር ይይዛል፣ ከታች በሳይክል ፍሬን ሽቦ ይሳባል። ከጀርባው የምትቆም አንድ ቡሎን አለች። ጣቱ ሲሳብ እስከ ቡሎኗ ሄዶ ይቆማል። የድምፁ ልክ የሚወሰነው በቡሎኗ ነው፣ በእግር ጉልበት አይደለም።

ኅዳር 2

ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉት አናጢ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሣጥኑን ገልብጠው አዩት፣ በጣታቸው አንኳኩት። «ይኼ ሳንቃ ቀጭን ነው ልጄ። በእግርህ ስትስበው ይንበረከካል» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ክር ግማሽ ድምፅ ሲወጣ ውጥረቱ በ12 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለት ክር አብሮ ሲሳብ የጊታሩ አካል ትንሽ ይታጠፋል፣ ያልተሳቡት ክሮች ደግሞ ይላላሉ። ድፍን እንጨት ላይ እንኳ ይህ አለ። ሣጥን ላይ ሲሆን በጆሮ ይሰማል።

መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። «ማሲንቆ ምን አድርጎ ነው የሚችለው?» ብለው ጠየቁኝ። የማሲንቆ እንጨት ሣጥኑን ሰንጥቆ ከላይ እስከ ታች ያልፋል። ውጥረቱን የሚሸከመው ቆዳው ሳይሆን እንጨቱ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። ከወይራ የተጠረበ ዘንግ ከጭራው እንጨት ተነሥቶ በሣጥኑ ውስጥ አልፎ አንገቱ ሥር ገባ። በኮላና በሁለት ቡሎን ታሰረ። የብረት ጣቶቹም ጭራው ላይ ተተከሉ። ድልድዩ ከሳንቃው ጋር አልተጣበቀም፣ እንደ ማሲንቆው ክሩ ራሱ ተጭኖት ይቆማል። ሳንቃው አሁን ድምፅ ማውጣት እንጂ ሌላ ሥራ የለበትም።

ሒሳብ ስጠይቃቸው «አብሽር፣ ሲዘፍን ትከፍለኛለህ» አሉኝ።

ኅዳር 8

ክር ገባ፣ ፔዳል ተያያዘ፣ ረገጥኩ። ድምፁ ወጣ። እግሬን አነሣሁ። ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ቢ ፍላት ከቦታው በ8 ሴንት ከፍ ብሎ ቀረ። ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። 8 ሴንት በወረቀት ትንሽ ይመስላል፣ ከአምባሰል ጋር ስትሰማው ግን ጥርስ ያማል።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቦውን ስወቅስ ነበር። በኋላ በባትሪ ጠጋ ብዬ ድልድዩን አየሁት። ክሩ አጥንቱ ላይ ይነክሳል። ሲሳብ ይሄዳል፣ ሲለቀቅ ይያዛል። በካሊፐር ለካሁት። ለግማሽ ድምፅ ክሩ የሚሄደው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እግሬ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ክሩ ግን ከጥቂት ወረቀቶች ውፍረት አያልፍም። በዚህች ጠባብ መንገድ ላይ አጥንቱ ክሩን ትንሽ ከያዘው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ማታ በ3 ሰዓት ገደማ ሁለተኛው ክር ተበጠሰ። ነጠላ ክር ደሴ አላገኘሁም። ሙሉ ፓኬት ገዛሁ።

ኅዳር 19

ከአሥር ቀን በላይ ድልድዩ ላይ ጠፋ። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ሌላ ሰው ቢሠራው እንዳይደክም ነው።

መጀመሪያ ትንንሽ ኩሽኔታ ከክሩ ሥር አደረግኩ። ክሩ በነፃነት ሄደ፣ በነፃነት ተመለሰ። ድምፁ ግን ሞተ። ኩሽኔታ ከባድ ነው፣ ውስጡም ይንቀሳቀሳል። የክሩን ንዝረት ወደ ሳንቃው አያሳልፍም። የሁለቱ ክሮች ድምፅ ከሌሎቹ ተለይቶ የቆርቆሮ ሆነ።

ኩሽኔታውን አውጥቼ ወደ አጥንት ተመለስኩ። የበሬ አጥንት ነው፣ ከሥጋ ቤት የመጣ፣ ተቀቅሎ የደረቀ። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ቀየርኩ። ክሩ የሚያርፍበትን ጫፍ በሞረድ አሹዬው ነበር፣ አሁን አከበብኩት። ቦይውን ወደ መስተዋት እስኪጠጋ አለሰለስኩት። ውስጡን ለስላሳ እርሳስ አሸሁበት። የእርሳስ ዱቄት ለክር ከዘይት ይሻላል፣ አቧራ አይዝም።

ሦስተኛው ለውጥ ግን ትልቁ ነው። ክሩ ከድልድዩ በኋላ ወደ ጭራው የሚወርድበትን አንግል አሳነስኩት። ብዙ ከታጠፈ ድልድዩን ይጫነዋል፣ ድምፁ ይጎላል፣ ግን ይነክሳል። ትንሽ ከታጠፈ በቀላሉ ይሄዳል፣ ግን ድምፁ ይሳሳል። ጣቶቹን በቀጫጭን ላሜራ እያነሣሁ አምስት ጊዜ ሞከርኩ። 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሁለቱም ተስማሙ።

አሁን ቢ ፍላት በ2 ሴንት ልዩነት ውስጥ ይመለሳል። ፔዳል ሲረገጥ የዲ ክር መላላትም ተለካ። የወይራው ዘንግ ስላለ 3 ሴንት ብቻ ነው። ጋሼ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ሴንት ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ማሲንቆው ነግሮህ ነበር» ብቻ አሉ።

ታኅሣሥ 1

ክራር የሚጫወተው ጓደኛዬ መጣ። መቃኛ መሣሪያዬን አውጥቼ ሁሉንም ክር መሐል ላይ አቆምኩለት። ፔዳሉን ረግጬ መታሁለት። አዳመጠ። ፊቱን አጨማደደ። «ሚው ከፍ ብሏል» አለ። መሣሪያውን አሳየሁት፣ ልክ መሐል ነው። «መሣሪያው ይዝፈንልሃ» አለኝ።

መሣሪያውን ደብቄ በጆሮ ብቻ ቃኘን። ዲን እና ኤን አንድ ላይ መትተን እንቅጥቃጤው እስኪጠፋ ጠበቅን። ከዚያ ፔዳሉን ረግጬ ሚውን፣ ማለት ኤፍ ሻርፕን፣ ከዲ ጋር መታሁ። ቡሎኗን በካቻቢቴ በሩብ ዙር በሩብ ዙር አዞርኳት። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ድምፆች ተጣበቁ። ጓደኛዬ እጁን አነሣ። መቃኛውን ሳወጣው 12 ሴንት ዝቅ ብሎ ነበር።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ፒያኖ ላይ ያለው ሜጀር ሦስተኛ 400 ሴንት ነው። ሁለት ክሮች ሳይጣሉ አብረው የሚዘምሩበት ግን 386 ነው። ማይነሩ ደግሞ ፒያኖ ላይ 300፣ በንጹሑ 316 ነው። የፔዳል ስቲል ተጫዋቾች ሦስተኛቸውን ከመቃኛው ዝቅ አድርገው የሚቃኙት ለዚህ ነው። ለኔ የሚገርመው ሌላ ነው። ኤፍ ትንሽ ከፍ፣ ኤፍ ሻርፕ ትንሽ ዝቅ ሲል በመካከላቸው ያለው 100 ሴንት አይደለም፣ ወደ 70 ይጠጋል። ከማይነር ወደ ሜጀር የሚወስደው እርምጃ ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ሆነ። ቡሎኗን በመሣሪያው ባስራት ኖሮ ይህን አልሰማውም ነበር።

ታኅሣሥ 6

የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ፔዳሉን የምረግጠው ዜማ ሲያልቅ ነው፣ ቅኝት ለመቀየር። እሱ ግን ክሩን መትቶ ድምፁ ገና ሳይሞት ቀስ ብሎ ረገጠ። ኤፍ እየተሳበ ወደ ኤፍ ሻርፕ ወጣ። ከሥሩ ዲ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ነበር።

«አጎቴ፣ አለቀሰ እኮ» አለ።

ይህ ነገር አሜሪካም ውስጥ እንዲሁ ነው የሆነው። በብረት ማንሸራተቱ ከሃዋይ የመጣ ነው። ፔዳል ከተጨመረ በኋላም መጀመሪያ ላይ የሚያገለግለው በአብዛኛው ቅኝት ለመቀየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ባድ አይዛክስ የሚባል ተጫዋች ከዘፋኙ ዌብ ፒርስ ጋር ሲቀዳ ክሩ እየጮኸ ፔዳሉን ረገጠው። አንዱ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ሌላው ባለበት ቆመ። ሸክላው በ1954 ሲወጣ ብዙ የስቲል ተጫዋቾች ፔዳል ለመግጠም ተሯሯጡ።

በብረቱ ብቻ ሲንሸራተት ሁሉም ክር አብሮ ይሄዳል። በፔዳል ግን አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይጠብቃል። ማሲንቆ የሚያለቅሰውን ክራር ከሥሩ ሲያጅበው ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰው እጅና እግር ሰማሁት። ማታ እስከ 5 ሰዓት አልተኛሁም።

ታኅሣሥ 11

የቢ ፍላት ክር ሽቦ ከመያዣው አመለጠ። ሳላውቅ ፔዳሉን ስረግጥ ኤፍ ብቻ ወጣ፣ ቢ ፍላት ባለበት ቀረ። ጓደኛዬ ነበር። «እንዴ፣ ይኼማ አንቺ ሆዬ ሊሆን ምንም አልቀረው» አለ።

ወዲያው ወረቀት አወጣን። ከኤ ስንነሣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ አለን። አንቺ ሆዬ የሚፈልገው ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኢ በግማሽ መውረድ አለበት። ኢን ብናወርድስ፣ ፔዳሉን ሳንረግጥ? ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት። ከቢ ፍላት ስንጀምር ባቲ ሜጀር! ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ ክራሩን አንሥቶ አረጋገጠው።

ስለዚህ አንዱ ፔዳል ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ለቢ፣ አንዱ ለኤፍ፣ በአንድ እግር አብረው እንዲረገጡ ተጠጋግተው። ኢን የሚያወርድ አንድ የጉልበት ዘንግ ይጨመራል። ያኔ በሦስት እንቅስቃሴ ስድስቱም ይገኛሉ። ምንም ሳይነካ ትዝታ ማይነርና አምባሰል። ሁለቱ ፔዳሎች ሲረገጡ ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር። ጉልበት ብቻ ባቲ ሜጀር። ጉልበትና የኤፍ ፔዳል አንቺ ሆዬ።

ማረፊያው በየቅኝቱ ቢለያይም ብረቱ ያስታርቀዋል። ዘፋኟ ጂ ላይ ብትሆን ትዝታን አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ፣ ባቲ ማይነርን ስምንተኛው፣ ባቲ ሜጀርን ዘጠነኛው፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን አሥረኛው ላይ እይዛለሁ።

ድምፆቹ ተገኙ ማለት ግን ቅኝቱ ተገኘ ማለት አይደለም። አምባሰል የሚያርፍበት፣ የሚያመነታበት ቦታ አለው። ከትዝታ ማይነር ጋር ክሩ አንድ ስለሆነ እጅ ሳያውቀው ወደ ትዝታው ይመለሳል። ይህን በየቀኑ መለማመድ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥ 20

ማውረድ ከማውጣት ይከብዳል ብዬ ነበር፣ እውነት ነው። የኢ ክር በጠንካራ ሞላ ተይዞ መቆም አለበት። ጉልበት ሲገፋው ይላላል፣ ሲለቀው ሞላው መልሶ ይወጥረዋል። ክሩ ላይ 12 ኪሎ ገደማ አለ፣ ሞላው ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የባጃጅ ፍሪሲዮን ሞላ ከጋራዥ አገኘሁ። ለጊዜው ይሠራል።

ጥር 5

የመጀመሪያው ቀረጻ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ወዳጄ ክፍል አለው። ግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው የጀመርነው፣ ባጃጅ ሲቀንስ።

ኮንደንሰር ማይኩን ከድምፅ ቀዳዳው በላይ አደረግነው። ዝቅተኛው ኤ ክር ሲመታ ክፍሉ ጮኸ። የጊታር ሣጥን ውስጥ ያለው አየር 100 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይነሣሣል፣ ኤ ክር ደግሞ 110 ነው። ማይኩ ቀዳዳው ላይ ከቆመ እዚያው ነገር ላይ ነው የሚቆመው። ወደ አንገቱ ሥር አዞርነው፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት። እዚያ የክሩም የእንጨቱም ድምፅ አለ።

ፒዬዞ፣ ማለት ንዝረትን በቀጥታ የሚለቅም ትንሽ ማይክ፣ ድልድዩ ሥር አጣብቄ ሞከርኩ። አልወደድኩትም። ክሩን ከሚሰማው በላይ ሽቦውን ይሰማል። ፔዳሉ ሲመለስ «ቋ» ይላል፣ ጣቱ ቡሎኗን ሲነካ «ጢቅ» ይላል። አጠፋነው። ከማይኩ የሚገባውን ኳኳታ ለመቀነስ ከፔዳሉ ሥር ወፍራም ቆዳ፣ ከጫማዬ ሥር ምንጣፍ አደረግን። ጫማውንም አወለቅኩት። በካልሲ መርገጥ ይሻላል፣ እግር ቡሎኗን በቀስታ ያገኛታል። የቀረውን ከ80 ኸርዝ በታች በመቁረጥ አስወገድነው።

ትልቁ ፈተና ሌላ ነው። ኤሌክትሪኩ ፔዳል ስቲል የድምፅ ፔዳል አለው፣ ክሩ ሲደክም በእግር ያጎሉታል፣ ድምፁ ይረዝማል። የኔ ክር ግን በአራት ሰከንድ ውስጥ ይሞታል። ዘፋኟ አንዱን ቃል ስታስረዝም አብሬያት መቆየት አልችልም። ወዳጄ ማስተጋቢያ እንጨምር አለ። ጥቂት ጨመርን፣ ከዚያ በላይ ግን እምቢ አልኩ። የክሩ መሞት የመሣሪያው ጠባይ ነው። በምትኩ ማሲንቆ ተጫዋቹን ጠራን። እሱ ያስረዝማል፣ እኔ ከሥሩ እመታለሁ፣ ቃሉ ሲያልቅ በፔዳል እመልሳለሁ። ማሲንቆው በሹር ኤስኤም 57 ማይክ ተቀዳ። የሁለቱ ማይኮች ጀርባ ወደ ሌላው መሣሪያ እንዲዞር አድርገን ተቀመጥን። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን ፊት ለፊት እየተያየን ቀዳን።

መብራት አንዴ ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ኮንደንሰር ማይኩ የሚሠራበትንም 48 ቮልት ከዚያው አገኘን። ቀረጻው አልተቋረጠም።

ጥር 9

መሣሪያውን ለቶርኖው ባለሙያ ላሳየው ኮምቦልቻ ወሰድኩት። እዚያ ሙቀት ነው፣ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ክሮቹ ሁሉ ወረዱ። ግማሽ ሰዓት እንዲላመድ ትቼው ከዚያ ቃኘሁት። የፔዳሎቹ ቡሎኖች ግን ሳይነኩ ልክ ነበሩ። ለሱ የሚሰማውን ተጫወትኩለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማ። «ያንን ብረት ነው?» አለ፣ ብረቱን ተቀብሎ ፊቱን አየበት።

ጥር 14

ሁለተኛው ቀረጻ። ዘፋኟ መጣች። በትዝታ ማይነር ጀመርን። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ብረቱን ከአምስት ወደ አሥር አንሸራትቼ አምባሰል ገባሁ። እሷ አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ተከተለችኝ። ማሲንቆውም ገባ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኗን ጨፍና «አንቺ ሆዬ» ብላ ዜማውን አዞረችው። እኔ አልጠበቅኩም። ጉልበቴ ዘንጉን ገፋ፣ እግሬ የኤፍን ፔዳል ረገጠ። ገባን። 6 ደቂቃ ያህል ሳንቆም ሄድን።

ሲያልቅ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀችና «ክሩን መቼ ቃኘኸው?» አለችኝ።

ቀረጻውን መልሰን ስንሰማ ከጉልበት ዘንጉ በኋላ ኢ ክር በ4 ሴንት ዝቅ ብሎ እንደቀረ አገኘሁ። የባጃጁ ሞላ ደክሟል። ሰኞ ኮምቦልቻ ወርጄ ጠንከር ያለ ሞላ እፈልጋለሁ። ለጋሼም ዛሬ ማታ ሒሳባቸውን ወሰድኩላቸው፣ ቀረጻውን በስልክ ከፍቼ።